ብዙ ሳይክል ግድግዳ ላይ መስቀል፦ ከግድግዳው ጀምራችሁ መስቀያ የምትመርጡበት ዝርዝር መመሪያ

ሳይክል ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል ይመስላል። መስቀያ ገዝቶ፣ ሁለት ቀዳዳ በስቶ፣ መስቀል ነው። ለአንድ ሳይክል ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሦስትና አራት ሲሆን ግን ነገሩ ይበላሻል። ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) ከነልስኑ ይነቀላል፣ መሪዎቹ ይጋጫሉ፣ ኮሪደሩ ይዘጋል፣ የልጅቷን ሳይክል ለማውረድ መጀመሪያ የአባቷን ማውረድ ግድ ይሆናል። ሳይክሎቹ ተመልሰው ደረጃ ላይ ይታሰራሉ፣ ከጎረቤት ጋር ጭቅጭቅ ይጀመራል።

ስህተቱ ሁሌም ያው ነው፤ ሰው መስቀያውን አስቀድሞ ይገዛና ግድግዳውን በኋላ ያስባል። መሃል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሁላችንም ግድግዳ አንድ አይደለም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚኖርና ተክለ ሃይማኖት ጭቃ ቤት ለሚኖር ሰው አንድ ዓይነት መስቀያ አይሆንም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ሳይክሉ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ከዚያ ቦታው፣ መስቀያው በመጨረሻ።

## 1. ሳይክሎቹን አንድ በአንድ ለኩ

ሜትርና ወረቀት ያዙ። ለእያንዳንዱ ሳይክል እነዚህን ጻፉ፦

- ከፊት ጎማ ጫፍ እስከ ኋላ ጎማ ጫፍ ያለውን ርዝመት። የአዋቂ ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ ከ170 እስከ 185 ሴ.ሜ ነው።
- የመሪውን ስፋት። የማውንቴን ሳይክል መሪ ከ65 እስከ 78 ሴ.ሜ ይደርሳል፤ የኮርሳ (የውድድር ሳይክል) ግን 42 ሴ.ሜ አካባቢ ነው።
- ከመሬት እስከ መሪው ያለውን ከፍታ።
- የጎማውን ውፍረት። ወፍራም ጎማ ተራ መንጠቆ ውስጥ አይገባም።
- የፍሬሙን ቅርጽ። የላይኛው ብረት አግድም ነው? ወደ ታች ያዘነብላል? ወይስ እንደ ሴቶች ሳይክል ጭራሽ ዝቅ ያለ ነው?
- ክብደቱን።

ክብደቱን በግምት አትለፉት። ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ ሳይክሉን ተሸክማችሁ ውጡበት፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ጋ ሂዱ፣ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ብዙዎቻችን የምንነዳው የብረት ፍሬም ማውንቴን ከ14 እስከ 18 ኪሎ ነው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ከ20 ኪሎ በላይ ጠብቁ፤ ባትሪው የሚወልቅ ከሆነ ሁልጊዜ አውልቃችሁ ስቀሉ።

አንድ ነገር ጨምሩ። ከሳይክሉ ስም አጠገብ ማን እንደሚያወርደው ጻፉ። 18 ኪሎ ሳይክል ከትከሻ በላይ ማንሳት ለሁሉም ሰው አይሆንም።

## 2. ግድግዳችሁን እወቁ

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ዋናው ሥራ እዚህ ነው።

አንኳኩ። በጣት አንጓ ወይም በካቻቢቴ እጀታ ግድግዳውን ከጥግ ወደ መሃል እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድፍን፣ ጣት የሚያም፣ ድምፁ አጭር የሆነ ቦታ ኮንክሪት ነው። ባዶነት የሚሰማበት ብሎኬት ነው። ከበሮ የሚመስል ከሆነ ጂፕሰም ወይም ቺፑድ ነው።

የሙከራ ቀዳዳ ብሱ። በ6 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ)፣ በኋላ መስቀያው በሚሸፍነው ቦታ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሴ.ሜ ልስን ናቸው፣ ቶሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እኩል እየጠነከረ ከቀጠለ ኮንክሪት አግኝታችኋል። ትንሽ ተጉዞ ድሪሉ በድንገት ወደ ውስጥ ዘልቆ ከገባ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ውስጥ ናችሁ። ቡናማ አፈርና ጭድ ከወጣ ጭቃ ነው።

አሁን እንደ ግድግዳችሁ ተመልከቱ።

ኮንክሪት ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ወይም ቢም (አግድም ተሸካሚ)። ከሁሉም ይሄ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮለኖቹ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ናቸው፤ አንዳንዴ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብለው ይታያሉ። ኤክስፓንሽን ቦልት (ሲጠብቅ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰፋ ብሎን) ይይዛል፣ የፈለጋችሁትን ዓይነት መስቀያ ይሸከማል።

ብሎኬት። በኮለኖቹ መካከል ያለው ግድግዳ በሙሉ ማለት ይቻላል ይሄ ነው። ብሎኬት 40 በ20 ሴ.ሜ ሆኖ ውስጡ ክፍት ነው፤ የፊቱ ግድግዳ ቀጭን ነው። ተራ ፊሸር እዚህ የሚነክሰው ነገር የለውም። ልደታ አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁት የተነቀለ መስቀያ ይሄን በደንብ ያሳያል፦ የታችኛው ብሎን ንቅንቅ አላለም፤ የላይኛው ግን የድስት ክዳን የሚያህል ልስንና የብሎኬት ፊት ይዞ ወጥቶ፣ ከኋላው ጨለማ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ፊሸሩ ራሱ ምንም አልሆነም። የተሰበረው ብሎኬቱ ነው።

ጭቃ። ቂርቆስንና ተክለ ሃይማኖትን በመሳሰሉ አሮጌ ሰፈሮች በቆዩ ቤቶች ላይ ይገኛል። ጭቃው ራሱ ምንም አይሸከምም። የሚሸከመው ውስጡ ያለው የባህር ዛፍ ቋሚ ነው፤ እሱም ምስጥ ካልበላው። ቋሚውን ስታገኙ ረጅም ሚስማር ምቱበት። እንደ ቅቤ ከገባ እርሱት።

ጂፕሰም፣ ቺፑድ፣ ኮምፔንሳቶ። ምንም አትስቀሉበት። የልጅ ሳይክልም ቢሆን።

### ላይኛው ብሎን ለምን ይነቀላል?

ብዙ ሰው "16 ኪሎ ብቻ ነው እኮ" ይላል። ግድግዳው የሚያየው 16 ኪሎ አይደለም። መስቀያው ወደ ፊት በረዘመ ቁጥር ላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክብደቱን በክንዱ (ከግድግዳው ወደ ፊት በሚወጣው ብረት) ርዝመት አባዙ፣ ከዚያ ከላይኛው ብሎን እስከ መስቀያው ሳህን (ግድግዳው ላይ የሚታሰረው ዝርግ ብረት) የታች ጫፍ ባለው ርቀት አካፍሉ።

16 ኪሎ ሳይክል፣ 35 ሴ.ሜ ክንድ፣ 10 ሴ.ሜ ሳህን፦ 16 ሲባዛ በ35፣ ሲካፈል ለ10፣ 56 ኪሎ ይመጣል። ሳህኑን 25 ሴ.ሜ ብታደርጉት ወደ 22 ኪሎ ይወርዳል። ሳይክሉ ያው ነው፣ ግድግዳው ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ከግማሽ በታች ሆነ። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከቀለሙና ከውበቱ በፊት የሳህኑን ርዝመት እዩ። አጭር ሳህንና ረጅም ክንድ ያለውን አትግዙ፣ ርካሽ ቢሆንም።

## 3. ቦታውን ወስኑ

እነዚህ ቦታዎች ላይ አትስቀሉ፦

- ከአልጋና ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ በላይ።
- ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ባለው መስመር። ሽቦው በዚያ ነው የሚያልፈው። ከመስመሩ ግራና ቀኝ 15 ሴ.ሜ ተዉ።
- ከኩሽናና ከሻወር ጀርባ ባለው ግድግዳ። የውሃ ቧንቧ አለ።
- ከበሩ ጀርባ፣ ወይም በሩ በሙሉ እንዳይከፈት በሚያደርግ ቦታ።
- በረንዳው የብረት መደገፊያ ላይ። እሱ ለሰው እጅ የተሠራ ነው።
- የጋራ ደረጃና ኮሪደር ላይ። ከሌባው በላይ፣ እሳት ቢነሳ የሰው ሁሉ መውጫ ነው።

ክፍት በረንዳ ላይ የግድ ከሆነ ክረምቱን አስቡ። ዝናቡ በንፋስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካቴናው በአንድ ክረምት ይዝጋል። ሸራ አልብሱት፣ ከስር ግን አየር እንዲገባው ተዉለት።

ከጎረቤት ጋር የሚያዋስን ግድግዳ ከሆነ አሳልፋችሁ መብሳት አይቻልም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት አከራያችሁን አናግሩ። "እማማ፣ ይቺን ቦታ ልበሳና ስወጣ በስቱኮ ደፍኜ ቀለም ቀብቼ ላስረክብዎት" ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ያድናል።

## 4. አሁን የመስቀያውን ዓይነት ምረጡ

ቁም መንጠቆ (በፊት ጎማ የሚሰቀል)። ለብዙ ሳይክል የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ክንዱ አጭር ስለሆነ፣ የኋላ ጎማውም ግድግዳው ላይ ስለሚደገፍ፣ ላይኛውን ብሎን ብዙ አይጎትተውም። ዝቅ ብሎ የሚሰቀለውን ሳይክልም ብዙ ማንሳት አያስፈልግም፤ በኋላ ጎማው አቁማችሁ ፊቱን ብቻ ወደ ላይ መግፋት ይበቃል። ችግሩ ወደ ክፍሉ ከ105 እስከ 115 ሴ.ሜ ይወጣል። ጠባብ ኮሪደር ላይ አይሆንም። የኋላ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ያለው ሳይክልም ከግድግዳው ጋር እየተጫነ ይጣመማል።

ሁሉንም በአንድ ከፍታ አትስቀሉ። አንዱን ከፍ፣ ቀጣዩን 25 ሴ.ሜ ዝቅ አድርጉ፤ መሪዎቹ ይተላለፋሉ። እንዲህ ሲሆን በመንጠቆዎቹ መካከል 45 ሴ.ሜ ይበቃል። አራት ሳይክል በዚህ አያያዝ ሦስት ጊዜ 45፣ ከዚያ በሁለቱም ዳር የመሪ ግማሽ 35፣ በጠቅላላ 205 ሴ.ሜ ስፋት ይፈልጋል። በአንድ ከፍታ ብትደረድሯቸው ያው ግድግዳ ለሦስት እንኳ አይበቃም።

የሚዞር ቁም መንጠቆ። ከሰቀላችሁ በኋላ ሳይክሉ ወደ ጎን ታጥፎ ግድግዳው ላይ ይተኛል። ለጠባብ ቦታ ጥሩ ነው። ግን ሲዞር ብሎኖቹን ይጠመዝዛቸዋል። ኮንክሪት ላይ ብቻ ግጠሙት።

አግድም መስቀያ (በፍሬም የሚሰቀል)። ሳይክሉ በጎኑ ይታያል፣ ከግድግዳው የሚወጣው ከ40 እስከ 50 ሴ.ሜ ብቻ ነው። ግን አንድ ሳይክል የግድግዳውን ወደ 180 ሴ.ሜ ይበላል። ሁለት ከላይና ከታች ማድረግ ይቻላል፤ ላይኛውን የሚያወርደው ሰው ጉልበት ይኑረው። ክንዱ ረጅም ስለሆነ ከላይ የሰራነው ስሌት እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ፍሬሙ የሚያዘነብል ወይም ዝቅ ያለ ሳይክል ካላችሁ ይንሸራተታል። ለእሱ ቁም መንጠቆ ይሻላል።

ረጅም የብረት ሐዲድ። ግድግዳችሁ ብሎኬት ሆኖ ግራና ቀኝ ኮለን ካላችሁ ይሄን አሠሩ። ከኮለን እስከ ኮለን 60 በ40 ሚሊ የሆነ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ያላነሰ፣ ሰፊው ጎኑ ቁሞ። ሁለቱ ጫፎች ኮለኑ ላይ በኤክስፓንሽን ቦልት ይታሰራሉ፤ መሃሉ ላይ ያለው ብሎኬት እንዳይወዛወዝ ብቻ ይይዘዋል። መንጠቆዎቹ ሐዲዱ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ሳይክል ስትቀይሩ ወደ ጎን መግፋት ትችላላችሁ። ለአራት ሳይክልና ከዚያ በላይ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

እግር ያለው ፍሬም። ለጭቃ ቤት፣ ለጂፕሰምና ለተከራይ። ሁለት ቋሚ ብረት ወለሉ ላይ ይቆማል፣ ክብደቱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ግድግዳው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ብቻ ያግዘዋል። ወለልና ጣሪያ መካከል ተወጥሮ የሚቆም ምሰሶ ግን ኮርኒስ ባለው ቤት አትሞክሩ። ኮርኒሱን በስቶ ይወጣል።

## 5. ስትገዙ ወይም ስታሠሩ

የተሠራ ስትገዙ የሚሸከመው ኪሎ ቢያንስ ከሳይክላችሁ ሁለት እጥፍ ይሁን። ሳይክል ዝም ብሎ አይንጠለጠልም፤ ሲሰቀል ይወረወራል፣ ልጅ ይስበዋል። አብሮት የሚመጣውን ፊሸር አትመኑት፤ ብዙውን ጊዜ ለእኛ ብሎኬት የተሠራ አይደለም።

ማሠራት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ብረቱን መርካቶ ምን አለሽ ተራ ፈልጋችሁ ሰፈራችሁ ያለ በያጅ ጋ መውሰድ ትችላላችሁ። ንድፉን በቃል አትንገሩት። በወረቀት ስሉ፣ ቁጥር ጻፉበት፦

- ሳህኑ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ቢያንስ 25 ሴ.ሜ ርዝመት፣ ሁለት ቀዳዳ ከላይ፣ ሁለት ከታች።
- መንጠቆው 12 ሚሊ ፌሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ።
- ብየዳው በሁለቱም ጎን። ነጥብ በነጥብ ብቻ የተበየደ አትቀበሉ።
- አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም።

መንጠቆው ላይ ያረጀ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጣችሁ አልብሱት። ቸርኬውን አይፍቅም፣ ሳይክሉም አይንሸራተትም።

## 6. ከመብሳታችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ሳሉት

1. ሳይክሉን በኋላ ጎማው አቁማችሁ ግድግዳው ላይ አስጠጉት።
2. የፊት ቸርኬው የውስጥ ጫፍ ላይኛው ቦታ የት እንደደረሰ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሴ.ሜ ወደ ላይ ጨምሩ። መንጠቆው እዚያ ነው። ከፍ ለሚሉት ሳይክሎች 25 ሴ.ሜ ጨምሩ።
3. ለሁሉም ሳይክል ድገሙት።
4. ወለሉ ላይ የመሪውንና የፔዳሉን ስፋት በስኮች ምልክት አድርጉ።
5. ምልክቱን ሳትረግጡ እቃ ይዛችሁ እለፉ። ቢያንስ 80 ሴ.ሜ መተላለፊያ ካልቀረ ወደ ክፍል 3 ተመለሱ።

የልጆችና በየቀኑ የሚነዳው ሳይክል ለበሩ ቅርብና ዝቅ ብሎ ይሁን። ለእሁድ ብቻ የሚወጣው ይራቅ።

## 7. መብሳትና መግጠም

1. የዚያን ክፍል ብሬከር አጥፉ። ድሪሉን ከሌላ ክፍል በኤክስቴንሽን ሳቡ፣ ወይም በባትሪ የሚሠራ ተጠቀሙ።
2. መነጽር አድርጉ።
3. ሳህኑን አስጠግታችሁ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ቀዳዳዎቹን ምልክት አድርጉ።
4. ፑንታው ላይ የምትፈልጉትን ጥልቀት በስኮች እሰሩ። ልስኑን አትቁጠሩ፤ የሚይዘው ከልስኑ ኋላ ያለው ነው።
5. ኮንክሪት ከሆነ የድሪሉን መቀየሪያ የመዶሻው ምልክት ላይ አድርጉ፣ እየመታ እንዲበሳ። ብሎኬት ከሆነ መዶሻውን አጥፉ፣ በማዞር ብቻ ብሱ። መዶሻው የብሎኬቱን ፊት ከውስጥ በኩል ይሰብረዋል።
6. አቧራውን አውጡ። በሳይክል ፓምፓችሁ ቀዳዳው ውስጥ ንፉበት። አቧራ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ምንም ነገር አይነክስም።
7. የፊሸሩና የፑንታው ቁጥር አንድ ይሁን። 10 ፊሸር ካለ 10 ፑንታ።
8. ብሎኖቹን ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ እያቀያየራችሁ አጥብቁ። ሮንዴላ አትርሱ።

ብሎኬት ላይ የግድ መግጠም ካለባችሁና ከጀርባው ያለው ክፍል የእናንተው ከሆነ፣ ረጅም ብሎን አሳልፋችሁ ከጀርባ ሰፊ ላሜራና ዳዶ አድርጉ። መልኩ አያምርም። ግን አይነቀልም።

## 8. ሳይክል ከመስቀላችሁ በፊት ፈትኑት

መጀመሪያ ሳይክሉን አትስቀሉ። የውሃ ጀሪካን ስቀሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ሙሉ ጀሪካን ከብዙ ሳይክል ይከብዳል። አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ላይኛው የሳህኑ ጫፍና ግድግዳው መካከል ወረቀት አስገቡ። ወረቀቱ ከገባ ብሎኑ መነቀል ጀምሯል፤ አውርዱት።

አግድም መስቀያ ከሆነ ጀሪካኑን ክንዱ ጫፍ ላይ ስቀሉት። ግድግዳው ጋ አስጠግታችሁ ብትሰቅሉት ምንም አትፈትኑም።

## ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ፑንታው ቆመ፣ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ወጣ። ፌሮ ነክታችኋል። አትግፉት። 4 ሴ.ሜ ያህል ሸሹና እንደገና ብሱ። ለዚህ ነው ሳህኑ ላይ አራት ቀዳዳ የሚያስፈልገው፤ ሦስቱ ከያዙ ሥራው ይሄዳል። ላይኛዎቹ ሁለቱ ግን የግድ ይያዙ።

ፊሸሩ ይዞራል። ቀዳዳው ሰፍቷል። ክብሪት እንጨትና ወረቀት ጠቅጥቃችሁ አትለፉት፤ ለፎቶ ፍሬም ይሠራል፣ ለሳይክል አይሠራም። ወደ ቀጣዩ ከፍ ያለ ቁጥር ፊሸር ሂዱ፣ ካልሆነ ቦታ ቀይሩ።

የብሎኬቱ ፊት ተሰበረ። እዚያ ቦታ ላይ ተስፋ ቁረጡ። በሲሚንቶ ደፍናችሁ እዚያው ብትበሱት ያው ጥፋት ይደገማል። ወደ ሐዲዱ ወይም እግር ወዳለው ፍሬም ዙሩ።

ውሃ ፈሰሰ። ፑንታውን አታውጡት፣ ለጊዜው ራሱ ይደፍነዋል። የድሪሉን ሶኬት ንቀሉ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ ከዚያ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

ግድግዳው ተበላሸ። ክረምት ላይ የጎማው ጭቃ ግድግዳውን ያጠቁራል። ጎማው የሚነካውን ቦታ ብቻ ዘይት ቀለም ቀቡት፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ወለሉ ላይ ያረጀ ምንጣፍ ጣሉ።

ፍሬኑ ላላ። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ሳይክል ቁሞ ሲያድር አንዳንዴ አየር ቦታ ይቀይራል። አውርዳችሁ መሬት ላይ አቁሙት፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ጨብጡ፣ እስኪጠነክር። ካልጠነከረ አትንዱት፤ በተለይ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁለቱን የምትወርዱ ከሆነ። አየሩን ሜካኒክ ያስወጣላችሁ።

ከወራት በኋላ መስቀያው ተንቀሳቀሰ። ሁሉንም ሳይክል አውርዱ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ የጀሪካኑን ፈተና ድገሙ። እንደገና ከላላ ችግሩ ብሎኑ ሳይሆን ግድግዳው ነው፤ ወደ ክፍል 2 ተመለሱ።